የአባዬ ድምፅ በየት በኩል ይውጣ

ሰኞ 4
አባዬ እኔ ዘንድ ከገባ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮውን ይከፍታል። የሚሰማው ሹ የሚል ሹሹታ ብቻ ነው፤ የሰው ድምፅ የለበትም፤ ሊፍቱ ሲነሳ ደግሞ ሹሹታው ወደ ጩኸት ይለወጣል። ግማሽ ሰዓት ያዳምጠውና ይዘጋዋል። ሻይ ላፍላልህ ስለው ተዪው ይላል።

አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ከወዳጆቹ ጋር በአማተር ሬዲዮ ሲያወራ ኖሯል፤ እነሱም እንደሱ ከየቤታቸው በራሳቸው አንቴና የሚናገሩ ናቸው። የጠዋቱን ጨዋታ የሚከፍተው እሱ ስለነበር "ደወል" ይሉታል። ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲተኛ እኔና ወንድሜ ተመካከርን፤ ብቻውን መኖር አይችልም አልን፤ ቤቱ ተሸጠ። እሱም ፈርሟል። አንቴናውን የተሸከመውን ምሰሶ የቤቱ ገዢ ነቀለው። እንዲያ ብዬ ነው የነገርኩት።

ዛሬ ደብዳቤ መጣለት። የሬዲዮ ፈቃዱ በሚቀጥለው ወር በ20 ያበቃል። ለማሳደስ የጣቢያውን አድራሻና ዓይነት ሞልቶ መፈረም አለበት። ቀኑ ካለፈ ፈተናው ከሀ ሁ ይጀመራል፤ በሰባ አራት ዓመቱ። አንብቦ ሬዲዮው ሥር ከተተው።

"ጣቢያ የሌለው ሰው ፈቃድ ምን ያደርግለታል?" አለ። የተናገረው ለግድግዳው ነው።

ረቡዕ 6
የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ጠየቅኩት። በረንዳ ላይ ሽቦ አይቻልም፤ የልብስ ገመድ እንኳ ተከልክሏል። ጣሪያውስ ስለው ሳቀ። ጥርሴን ያመኛል። ሥራ ረፍዶብኛል።

ዓርብ 8
መነጽር ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሌንስ መቁረጥ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሁለት ቆራጮች ነን። ባለቤቱ በራሱ የሚቆርጥ ማሽን አዝዟል። ዛሬ በስልክ "አንድ ቆራጭ ይበቃኛል" ሲል ሰማሁት። የሥራ ጓደኛዬም ሰምቷል። ሁለታችንም ያልሰማን መስለን መቁረጣችንን ቀጠልን።

በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ ስለ ኢንተርኔት ሬዲዮ አነበብኩ። እንደገባኝ አንቴና ለሌለው ሰው ሦስት መንገድ አለ። አንዱ አፕ ነው። ፈቃድህን አጣርተው ያስገቡሃል፤ ድምፅህ በኢንተርኔት ሄዶ ሩቅ ተራራ ላይ ካለ ጣቢያ ወደ አየር ይለቀቃል። ዋጋ የለውም። ሌላው የሲጋራ ፓኬት የምታክል ሳጥን ናት። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ትሰካለች፤ አንተ በእጅ ሬዲዮ ታናግራታለህ፣ እሷ ደግሞ ዓለምን ታናግርልሃለች። የመጨረሻው ሙሉ ጣቢያ ሌላ ቦታ አቁሞ ከቤት ሆኖ በኮምፒውተር ማዘዝ ነው። እሱን በየወሩ የሚያከራዩም አሉ። ዋጋውን አይቼ ገጹን ዘጋሁት።

ጊዜም ገንዘብም የለኝም። ያለችኝ ለጥርሴ ያስቀመጥኳት ናት።

ወንድሜ ካለበት ከተማ ደወለ። ትልቅ ቴሌቪዥን ግዢለት፣ ይረሳዋል አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ምሰሶው ጠይቆኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልጠየቀኝም አልኩት። እውነት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

እሑድ 10
በአባዬ ስም አፑ ላይ ተመዘገብኩ። ግድግዳ ላይ ያለውን ፈቃድ ከነፍሬሙ አውርጄ ፎቶ ሳነሳ እሱ ተኝቶ ነበር። እንደ ሌባ በሩን በሩን አየሁ። "ሲጣራ እናሳውቃለን" ይላል። እስካሁን አልነገርኩትም።

ሐሙስ 14
ተፈቀደ። ከሥራ ሮጬ ገባሁና ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ የሩቅ አገር ሰው "የሚሰማኝ አለ?" ይላል። አባዬ ቀና አለ። ቁልፉን ተጭኖ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የጥሪ ስሙን ተናገረ፤ በዚያ ደረቅና ረጋ ባለ የሬዲዮ ድምፁ። ከሆስፒታሉ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። መልስ አጣ። ደግሞ ሲናገር የሰውዬው መልስ ደርሶ ተጋጩ። ድምፁ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሦስት ጊዜ ተጋጩ። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ መልካም ቀን ተመኝቶ ሄደ።

አባዬ ስልኩን መለሰልኝ።

"ይሄ ስልክ ነው።"

ሬዲዮ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

"ሠላሳ አምስት ዓመት የስልክ መስመር ስዘረጋ ኖርኩ፤ ሬዲዮ የያዝኩት ከስልክ ለመሸሽ ነበር" አለ።

ቀልድ መሆኑ የገባኝ አሁን ስጽፈው ነው። ያኔ ተቆጥቼ ኩሽና ገባሁ።

እሑድ 17፣ ማታ
እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጥርሴ ነው።

ልጅ ሆነን የሬዲዮው ክፍል በር ሲዘጋ ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው። እናቴ "ዝም በሉ፣ አባታችሁ አየር ላይ ነው" ትለናለች። እኔ እውነት የሚበር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንደኛ የወጣሁበትን ካርድ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ሰው ከሩቅ ስለ ዝናብ ያወራለታል፤ አባዬ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንዳባራ ይጠይቀዋል። ቆሜ ቆሜ ሄድኩ። ካርዱን እናቴ ፈረመችልኝ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም። ከምሰሶው ጋር አይገናኝም። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፤ ከሆስፒታል ቤት፣ ከቤት ሆስፒታል ስመላለስ ነው የሰነበትኩት። ብረት ገዢው ደግሞ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። የቤቱ ገዢ ማለቴ ነው።

ሰኞ 18
የአንዲት ሴትዮ ሌንስ አቅጣጫውን አዛብቼ ቆርጫለሁ። መነጽሩን አድርገው ደረጃ ሲወርዱ መሬቱ ዘንበል ብሎባቸው ሊወድቁ ነበር። ባለቤቱ ሐሳብሽ የት ነው አለኝ። የሥራ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አላየኝም። ለእሱ ጥሩ ቀን ነው።

ሐሙስ 21
ሳጥኗን ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ሻጩ ከማንኛውም የእጅ ሬዲዮ ጋር ትሠራለች ብሎኝ ነበር። የጥርሴ ገንዘብ አለቀ።

አትሠራም። የምትሰማው ዲጂታል ሬዲዮ ብቻ ነው፤ የአባዬ ሁለቱም የእጅ ሬዲዮዎች የድሮ ናቸው። አዲስ ዲጂታል ልግዛ ብል የሳጥኗን ሦስት እጥፍ ነው። ሻጩ ስልክ አያነሳም። እናቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የምትለው እኔን እያየች ነበር።

አባዬ ሳጥኗን አገላብጦ ብሎኖቿን ሳይቀር አያት። "ዕቃስ ደህና ዕቃ ነው፤ ቋንቋችን አልገጠመም እንጂ" አለ። እንዳይከፋኝ ብሎ ነው። የባሰ ከፋኝ።

እራቱን አልነካም። ትናንትም አልነካም።

ረቡዕ 27
በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አራት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪው ሥራ ቦታ ደወለልኝ። አባትሽ ጣሪያ ላይ ናቸው አለ። መቁረጫውን እንደበራ ትቼ ወጣሁ። ስደርስ ወደ ጣሪያው በሚወስደው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ከዘራው ጎኑ ላይ፣ የሽቦ ጥቅልል አንገቱ ላይ፣ አንዷ የእጅ ሬዲዮ ደረት ኪሱ ውስጥ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሊፍቱ እስከሚወስደው ሄዶ የቀረውን አሥራ ስምንት ደረጃ በዚያ ዳሌ ወጥቶታል። ሽቦውን ከውኃ ታንከሩ እስከ ጥግ ድረስ ወጥሮት ነበር። ተቆጣጣሪው አስወልቆታል። ለአከራያችን ደውሏል፤ ሴትዮዋ ሁለተኛ ከተደገመ ቤቱን እንድንለቅ ብላለች።

ቤት አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ አፌን መግታት አቃተኝ።

"ወድቀህ ብትሰበር ማን ሊያነሳህ ነው? ላንተ ብዬ ቤቱን ሸጥኩ፣ ላንተ ብዬ ምሰሶውን ለብረት ገዢ..."

እዚያ ላይ ቆምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አባዬ ሽቦውን በመዳፉና በክርኑ መሃል እየጠቀለለ ነበር፤ የመስመር ሠራተኛ እንደሚጠቀልለው። እጁ አላቆመም።

"አውቃለሁ" አለ።

ከማን ሰማህ አልኩት። ጎረቤታችን ሆስፒታል ሊጠይቀው በመጣ ቀን ነግሮታል። ያኔ ገና አልጋ ላይ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ።"

ጠቅልሎ ጨረሰና ጫፉን አሰረ። ከዚያ ሌላ ወሬ የሚያወራ ይመስል፣ ጣሪያው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል መስማቱን ነገረኝ። ጠዋት የሚያወራቸውን ወዳጆቹን አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ያሉት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ግን ጥርት ብለው ይሰሙ ነበር አለ።

ዓርብ 29
እንደ ጨዋ ሰዎች ነው የምንኖረው። እባክሽ፣ አመሰግናለሁ። ሬዲዮውን ጠዋት መክፈት ትቷል።

እውነቱን ልጻፈው። ብረት ገዢው ራሱ አልመጣም፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። አባዬ ሆስፒታል የገባ በስድስተኛው ቀን ነው። ቤቱ ገና አልተሸጠም ነበር። ቤቱን የገዛው ሰው ምሰሶውን አይቶት እንኳ አያውቅም። ያገኘሁት ለዕቃ ጫኞች እንኳ አልበቃኝም፤ ስለዚህ በገንዘብም ላሳብብ አልችልም። ሲወድቅ ጓሮ ቆሜ አየሁት። የተሰማኝን አልጽፈውም።

እሑድ 1
ሳንጠብቀው አንድ መካኒክ መጣ። ከጠዋቱ ወዳጆቹ አንዱ ነው፤ ከከተማው ጥግ ጋራዥ አለው። ድምፁን በሬዲዮ እሰማው ነበር እንጂ በአካል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሰፊ ሰው ነው፤ የጥፍሩ ሥር ጥቁር። አባዬን ጋሼ ይለዋል። ስለ ጤናው፣ ስለ ዳሌው፣ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀ። አባዬ በአንድ በአንድ ቃል መለሰለት።

ከዚያ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። ባለፈው ወር ለሥራ ብረት ሊገዛ ያሮጌ ብረት ተራ ሄዶ ምሰሶውን አይቶታል። "ብየዳው የእርስዎ ነው፤ ሳየው አወቅኩት" አለ። ገዝቶት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አልጠየቀም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ብርጭቆ ማጠብ ያዝኩ።

ያመጣው ሐሳብ እኔ ገጹን የዘጋሁበት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ኪራይ የሌለበት። ምሰሶው እሱ ግቢ ይቆማል። የአባዬ ትልቁ ሬዲዮ ጋራዡ ቢሮ ይቀመጣል። በኢንተርኔት ከቤታችን ጋር ይገናኛል፤ አባዬ እዚሁ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይናገራል። የጎደለው ኬብልና አሮጌ ላፕቶፕ ነው። እነሱንም በሳጥኗ የሚለውጥ ሰው ከጠዋቱ ወዳጆች መሃል አለ።

አባዬ ይሄስ ከስልክ በምን ይለያል አለ።

"መስመሩ ረዘመ እንጂ ሬዲዮውም ምሰሶውም የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። መስመር ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል?"

አባዬ በከዘራው ወለሉን መታ መታ አደረገ። እኔ እምቢ ሊል ነው ብዬ ብርጭቆውን ሁለተኛ ማጠብ ጀመርኩ።

"ግቢህ አፈር ነው ድንጋይ?" ሲል ጠየቀው።

ሐሙስ 5
ሳጥኗ ሄደች፤ ላፕቶፕና ኬብል መጣ። ላፕቶፑ ለመነሳት ሰባት ደቂቃ ይፈጅበታል። አባዬ ወረቀት ላይ የመወጠሪያ ሽቦዎቹን እየሣለ ነው። አሥራ አምስት ቀን ቀረው። እኔ ያለችኝ እሑድ ብቻ ናት።

እሑድ 8
ምሰሶው ቆመ።

መካኒኩ ወገቡን ያመዋል፤ ሁለት ሠራተኞቹ ሥሩን ያዙ፣ እኔ ዋናውን ገመድ። አባዬ በታክሲ ሄዶ መኪና መቀመጫ በሚመስል ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል። ረጅሙ ብረት ከመሬት ሲነሳ ምንም አልከበደኝም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ጋራዡ ቆርቆሮ ዘመመ። ከሥሩ የቆሙት ልጆች ጮኹ። ገመዱ መዳፌን እየበላ ሸሸ።

አባዬ አልጮኸም። በሬዲዮ ድምፁ "አትሳቢ። ክብደትሽን ብቻ ጣይበት። ቁጭ በዪ" አለኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቆመ። ከዚያ እሱ እየቆጠረ አንድ አንድ ክንድ ሳብን።

ሽቦዎቹ ተወጥረው ሲያልቁ መዳፌን ገልብጦ አየ። ቆዳው ተልጧል። መካኒኩ ቅባት ሊያመጣ ሄደ። አባዬ እጄን ሳይለቅ ምሰሶውን ቀና ብሎ እያየ፣ "ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል" አለ። "ይሁን።"

ሰኞ 9
በፋሻ የታሰረ እጅ ሌንስ አይቆርጥም። ባለቤቱ ፊት ለፊት ከደንበኞች ጋር ቁሚ አለኝ። ማሽኑ በወሩ መጨረሻ ይመጣል። የጓዳው ሥራ ለጓደኛዬ የተሰጠ ይመስለኛል። በግልጽ የነገረኝ የለም።

እሑድ 15
አልሠራም። ሁሉም ተያይዟል፣ ሁሉም በርቷል። ጋራዡ በኩል ደህና ነው። የኛ ቤት ኢንተርኔት ግን በየአምስት ደቂቃው ይቆረጣል። አባዬ የጥሪ ስሙን ግማሽ ይላል፣ ይቆረጣል። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፤ ባለሙያ የሚልኩት ከ24 በኋላ ነው። ነግሬያቸዋለሁ፣ ከ20 በፊት ነው የሚያስፈልገን። ተራ ነው አሉኝ።

አባዬ ቅጹን አውጥቶ "የጣቢያው ዓይነት" የሚለው ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ ነበር። መልሶ ከተተው። የማይሠራ ጣቢያ አለኝ ብሎ አይፈርምም። አንድ ፊርማ ብቻ ነው አልኩት። አየኝ። ስለ መዋሸት እኔ እሱን የምመክርበት አፍ የለኝም።

ማክሰኞ 17
ከሥራ ስገባ አባዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ያለው የስልክ መስመር ሳጥን ተከፍቶ አንጀቱ ተዘርግፏል። ደነገጥኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በጥርሱ ሽቦ ይልጣል።

ጠዋት እኔ ስወጣ ጀምሮ መስመሩን በጣቱ ተከትሎ፣ ከላፕቶፑ እስከ በሩ ደርሶበታል። ሁለት ሽቦ የተጋጠመበት ቦታ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። "ይህን የቀጠለ ልጅ በኔ ጊዜ ቢሆን ደሞዙ ይቆረጥ ነበር" አለ። በቢላ ፍቆ፣ ገመደና በፕላስተር ጠቀለለው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተቆረጠም። እራቱን ጨርሶ በላ። ሳህኑን አየሁት፤ ምንም አልተረፈም።

ረቡዕ 18
አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ፈጥኜ ልጻፍ።

የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ተቀመጠ። ድምፁ ለእኔም እንዲሰማ በትንሹ ከፈተው። ሹሹታ የለም። ሰዎች እየተቀባበሉ ያወራሉ፤ አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ አንዷ ስለ ዝናብ። አባዬ ክፍተት ጠበቀ። ጠበቀ። የሚያስገባው ክፍተት ስንት ጊዜ አለፈ። ፈርቷል። አባዬን ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ጀርባው ላይ እጄን አሳረፍኩ።

ቁልፉን ተጫነና ስሙን አለ።

ፀጥታ። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት። ተቆረጠ ብዬ ላፕቶፑን አየሁ።

"ደወል?" አለች ስለ ዝናብ ስታወራ የነበረችው ሴት። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩና ማንም አልተሰማም።

ሥራ ረፍዶብኛል። ግድ የለም። ቅጹን ፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል።

ሐሙስ 19
አስገባሁት። ጸሐፊዋ ጣቢያው ጋራዥ፣ ሰውየው ሦስተኛ ፎቅ እንዴት ይሆናል አለች። አለቃዋ ጋ ገባች። ሃያ ደቂቃ። ማኅተም አድርጋ መለሰችልኝ። ከዚያ ወጥቼ በብድር ጥርሴን አስነቀልኩ።

ሰኞ 23
ባለቤቱ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጓደኛዬ እንደሆነ ዛሬ በግልጽ ነገረኝ። እኔ ፊት ለፊት እቀራለሁ፣ ደሞዜ ባለበት። ከጓዳው ከወጣሁ ወዲህ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ማውራት ለምጃለሁ፤ እንደፈራሁት አይደለም።

የጠዋቱን ግን ልጻፍ። ሻይ ይዤለት ስገባ የዝናቧ ሴት አባዬን ስለ ምሰሶው ትጠይቀዋለች። ያን የሚያክል ብረት እንዴት ከቤትህ ወጥቶ ጋራዥ ገባ፣ ምን አግኝቶት ነው ትላለች። ስምንት ዘጠኝ ሰው እየሰማ ነው። መካኒኩም መስመሩ ላይ አለ።

እኔ ሻዩን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ። አባዬ መኖሬን ያውቃል፤ ዞር ግን አላለም።

"ነፋስ ጣለው" አለ።

ከዚያ የመካኒኩ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"አዎ፤ የዚያ ሰሞን ነፋስ ከባድ ነበር።"

ሌሎቹም እያስታወሱ መጡ። የአንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ነበር፣ የአንዷ ዛፍ ተሰብሮ ነበር። አባዬ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንዳባራ እየጠየቃቸው፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሻዩን ተቀበለኝ።

በዚያ ሳምንት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።